«ስቶካስቲክ ሞዴል» ሲባል ምን ማለት ነው? ቃሉስ ከየት መጣ?

ግልገል_ዓባይ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ የውኃ ምህንድስና ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ የግልገል ዓባይን ወርሃዊ ፍሰት በሞዴል ስለ መተንበይ ነው። ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ስለሆነ ነው የመረጥኩት። ፕሮፖዛሌን ለአማካሪዬ አስገብቼ ነበር። ሲመለስልኝ ዳር ላይ «ሞዴልሽ ዲተርሚኒስቲክ ነው ወይስ ስቶካስቲክ? ለይተሽ ጻፊ» የሚል ማስታወሻ አለበት።

ዲተርሚኒስቲክ የሚለው ገብቶኛል። ስቶካስቲክ ላይ ስደርስ ግን እቆማለሁ። መጽሐፎቹ በአንድ መስመር «ራንደም» ይሉና ቀጥታ ቀመር ውስጥ ይገባሉ። ራንደም ከሆነ ለምን ራንደም ብለው አልተዉትም? ደግሞስ ውኃው ከዝናብ ነው የሚመጣው፤ ዝናቡም ጊዜውን ጠብቆ በክረምት ነው የሚመጣው። ይሄ ሁሉ ሥርዓት ያለው ነገር ሆኖ ሳለ በዘፈቀደ የሚሠራ ሞዴል ምን ይፈይድልኛል? ቀመሩን ከማን እንደምማር አውቃለሁ። የቃሉን ትርጉምና ምንጭ የሚያስረዳኝ ግን አጣሁ። የምታውቁ እባካችሁ።

ኮድ_ጻፊ

አጭሩ መልስ፦ ሞዴሉን በተመሳሳይ ግብዓት ሁለቴ አስኪጂው። ሁለቴም አንድ ዓይነት ውጤት ካወጣ ዲተርሚኒስቲክ ነው። የተለያየ ካወጣ ስቶካስቲክ ነው። እኛ ሶፍትዌር ላይ የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ነው የምንለየው።

መምህር_ከፔዳ

ኮድ ጻፊ ያለው ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። እዚያ ላይ ካቆምሽ ግን ልጄ፣ ስቶካስቲክ ሞዴል ማለት መልሱን የሚቀያይር ሞዴል ይመስልሻል። ትንሽ ልጨምርበት።

እንበልና በሐምሌ 400 ሚሊሜትር ዝነበ። የወንዙ ፍሰት ስንት ይሆናል? ዲተርሚኒስቲክ ሞዴል አንድ ቁጥር ይነግርሽና ይጨርሳል። ስቶካስቲክ ሞዴል ደግሞ እንዲህ ይልሻል፦ ፍሰቱ ብዙውን ጊዜ እዚህ አካባቢ ነው፤ ከዚህ እስከዚያ ባለው ክልል ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ይህን ያህል ነው፤ ከዚያ የመብለጡ ዕድል ይህን ያህል ነው። የመበታተኑ ስፋት ራሱ የመልሱ አካል ነው።

«በዘፈቀደ» ያልሽውን ቃል እዚህ ላይ ብትተዪው ደስ ይለኛል። ዘፈቀደ ሲባል ሕግ የሌለው ያስመስለዋል። ይህ መዋዠቅ ግን አማካይ አለው፣ ስፋት አለው፣ ቅርጽ አለው። ይለካል። ሞዴሉን አንድ ጊዜ ብታስኬጂው የሚወጣውን ቁጥር አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሺህ ጊዜ ብታስኬጂው ግን ሺሁ ቁጥሮች ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚሠሩ አስቀድሞ ይታወቃል። ስቶካስቲክ የሚለው ስም የተሰጠው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ቃል_ሰብሳቢ

ስለ ምንጩ እኔ ልበል፤ የምወደው ቃል ነው።

ግሪክ ነው። «ስቶኾስ» ይላሉ፤ ቀስተኞች የሚያነጣጥሩበት ተተክሎ የቆመ ምልክት፣ ኢላማ ማለት ነው። ከእሱ ማነጣጠር የሚል ግስ ወጣ። ያው ግስ መገመት የሚል ፍቺም ያዘ። «ስቶካስቲኮስ» የሚባለው እንግዲህ ማነጣጠር የሚያውቅ፣ ግምቱ የሚሠምርለት ሰው ነው። አርስቶትል ስለ ምግባር ሲጽፍ በጎነት መካከለኛውን የሚያነጣጥር ነገር ነው ያለው በዚሁ ቃል ነው። በዚያን ዘመን ቃሉ የችሎታ ቃል ነበር። ከዳይስና ከቁማር ጋር አይነካካም።

ወደ ሂሳብ ያስገባው የስዊዘርላንዱ ያዕቆብ በርኑሊ ነው። የባዝል ከተማ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1705 ሞተ፤ ትልቁ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1713 ነው። መጽሐፉን በላቲን ጻፈው። የግምትን ጥበብ ሲተነትን የግሪኩንም ስም ሰጠው፦ ስቶካስቲኬ። ትርጉሙንም አስቀመጠ፤ የነገሮችን የመሆን ዕድል በተቻለ መጠን በትክክል የመለካት ጥበብ ነው አለ። አስተውሉ፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ «መለካት» የሚል ቃል አለበት። መምህር ከላይ ያሉትን የሚደግፍ ነው።

ከዚያ ቃሉ ሂሳብ ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ተኛ። የቀሰቀሰው ላዲስላውስ ቦርትኪየቪች ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ተወልዶ በርሊን ያስተማረ የስታቲስቲክስ ሰው ነው። በፕሩሲያ ሠራዊት ውስጥ በፈረስ ርግጫ የሞቱ ወታደሮችን ቁጥር ዓመት በዓመት አጥንቶ፣ ያ ድንገተኛ የሚመስል ሞት ጠንካራ የቁጥር ሕግ እንደሚከተል ያሳየው እሱ ነው፤ በ1898። በ1917 ባሳተመው ሌላ ሥራ የበርኑሊን ቃል አንሥቶ በፕሮባቢሊቲ (በዕድል ስሌት) ላይ ለተመሠረተ ጥናት ስም አደረገው። የሩሲያዎቹ የሂሳብ ሊቃውንት ኮልሞጎሮቭ በ1931፣ ኪንቺን በ1934 በጀርመንኛ ባወጧቸው ጽሑፎች ቃሉን ተጠቀሙበት። አሜሪካዊው ዱብ በ1953 ስለ ስቶካስቲክ ሂደቶች መጽሐፍ ሲያወጣ በእንግሊዝኛም ጸና። እኛ ዘንድ የደረሰው በእንግሊዝኛው በኩል ነው።

ራንደም ብለው ለምን አልተዉትም ላልሽው፦ ራንደም የመጣው ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው። መነሻው መንደርደር፣ ያለ ልጓም መጋለብ ነው። ዛሬ ሂሳብ ውስጥ ሁለቱ ቃላት ያላቸው ልዩነት የጠፋ ያህል ነው። ሰው ግን ለቁጥርና ለናሙና «ራንደም»፣ ለሞዴልና ለሂደት «ስቶካስቲክ» ማለት ለምዷል። አንዱ ከሚጋልብ ፈረስ፣ ሌላው ከሚያነጣጥር ቀስተኛ መምጣቱን ካወቅሽ፣ ለሞዴል የትኛው እንደሚስማማ ለራስሽ ይታይሻል።

የደንገል_ልጅ

ቃል ሰብሳቢ፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ታንኳ ቀዛፊ ነው። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ ወደሚሄድበት ደሴት ቀጥ ብሎ አይቀዝፍም። ወደ ነፋሱ መለስ አድርጎ ያነጣጥራል። ቀጣዩ ማዕበል ወዴት እንደሚገፋው አያውቅም። ማዕበሎቹ ሁሉ ተደምረው እስከ ደሴቱ ድረስ ምን ያህል እንደሚገፉት ግን ያውቃል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ነው ስቶካስቲክ የሚባለው?

ቃል_ሰብሳቢ

አዎ ወንድሜ፣ እሱው ነው። እንዲያውም የጥንቶቹ ግሪኮች ስቶካስቲክ ለሚሏቸው ሙያዎች ምሳሌ የሚያደርጉት ሕክምናንና መርከብ መምራትን ነበር። ሐኪሙ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ በሽተኛው ሊሞት ይችላል። ካፒቴኑ ሙያውን አሟልቶ መርከቡ ሊሰጥም ይችላል። ሙያው ጎደለ አይባልም። ውጤቱ በእጁ ስላልሆነ ነው።

ሰከላ

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም። ዝናቡን የሚያዘንበው እግዚአብሔር ነው። ሳይንሱም ቢሆን ደመና እንዲሁ አይዘንብም ነው የሚለው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሞዴል ነገሩን ሁሉ ለአጋጣሚ መስጠቱ አይደለም?

መምህር_ከፔዳ

ጥያቄዎ ትልቅ ነው፤ ተማሪዎቼም ደጋግመው ይጠይቁኛል።

ስቶካስቲክ ሞዴል ስለ ዝናቡ ምክንያት አይፈርድም። ምክንያት የለም አይልም። እኛ ያልለካነውን ነገር ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። ከሰከላ ተራሮች እስከ መራዊ ድረስ ያለውን ተፋሰስ ያስቡት። የትኛው ማሳ ስንት ውኃ ጠጣ? የትኛው ሸለቆ ላይ ደመናው ቀደም ብሎ ወረደ? የትኛው ቦይ ተደፈነ? እያንዳንዱ ምክንያት አለው። ማን ግን ለክቶ ይጨርሰዋል? ሞዴሉ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይጠቀልለውና «ድምሩ ብዙውን ጊዜ እስከዚህ ድረስ ያዛንፋል» ይላል።

ፕሮባቢሊቲን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ላፕላስ ነው። እሱ ሁሉም ነገር በምክንያት የተሳሰረ ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። የእያንዳንዷን ቅንጣት ቦታና የሚገፋትን ኃይል የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር መጪው ጊዜ ሁሉ ግልጽ ይሆንለታል አለ። ፕሮባቢሊቲ የሚያስፈልገን እኛ ያን አእምሮ ስለሌለን ነው። በአተም ዓለም ውስጥ ክርክሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የፊዚክስ ሰዎች ራሳቸው ገና አልተስማሙም። ለወንዝ ግን የላፕላስ ሐሳብ ይበቃናል።

ሰከላ

እንዲህ ከሆነ ተስማምቶኛል። ስለ እኛ ዕውቀት ልክ ነው የሚናገረው ማለት ነው። እግዜር ይስጥልኝ መምህር።

ውኃ_መሐንዲስ

ጡረታ የወጣሁ የውኃ ባለሙያ ነኝ። ውይይቱን ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጄ ግልገል ዓባይ፣ ይህ ቃል ለአንቺ ወንዝ ባዕድ አይደለም። ሃይድሮሎጂ (የውኃ ሳይንስ) ውስጥ ስቶካስቲክ አስተሳሰብ ከተራመደባቸው ትልልቅ እርምጃዎች አንዱ በዓባይ ነው የተራመደው። ሃሮልድ ኸርስት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ግብጽ ገባና ዕድሜውን በዓባይ ጥናት ላይ ጨረሰ። ጥያቄው ቀላል የሚመስል ነበር፦ ክፉውን ዘመን በደጉ ዘመን ውኃ ለማሳለፍ ማከማቻው ምን ያህል መስፋት አለበት? ለመቶ ዓመት የሚበቃ ክምችት አስበው ነበር። ጣናም ከማከማቻዎቹ አንዱ እንዲሆን በዕቅዱ ውስጥ ነበር።

አሁን ነገሩን ተመልከቺ። እያንዳንዱ ዓመት ካለፈው ዓመት ጋር ግንኙነት ከሌለው፣ የሚያስፈልገው ማከማቻ የሚያድገው በዓመቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ፓወሩ 0.5 ነው ማለት ነው። ኸርስት የዓባይን ረጅም መዝገብ ሲመረምር፣ ካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ በዓባይ መለኪያ ሲመዘገብ የኖረውን ጭምር፣ ያገኘው 0.5 አልነበረም። 0.73 አካባቢ ነበር። ሌሎች የተፈጥሮ መዝገቦችንም ቢያይ ተመሳሳይ ሆነበት። ይህን በ1951 አሳተመ። ክፉ ዓመት ክፉ ዓመትን ይስባል፤ ደግ ዓመት ደግን ይስባል ማለት ነው።

በ1968 ማንደልብሮትና ዋሊስ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለዚህ ባሕርይ ስም አወጡለት። የዮሴፍ ውጤት አሉት፤ ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የረሃብ ዓመት አስበው። ድንገት ከሁሉ በላይ የሚወጣውን ጎርፍ ደግሞ የኖኅ ውጤት አሉት። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የ77ቱን ድርቅ ያየ ሰው፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ዓመታትም እንዳልዳኑ ያስታውሳል።

ለአንቺ ሥራ ቁም ነገሩ ይሄ ነው። ስቶካስቲክ ሞዴል ማለት በየወሩ አዲስ ዕጣ ማውጣት አይደለም። ትዝታ ሊኖረው ይችላል። የነሐሴ ፍሰት የሐምሌን ያስታውሳል። መስከረም የነሐሴን ያስታውሳል። ትዝታውን ካላስገባሽበት ድርቅን አሳንሶ ያሳይሻል።

አንድ ሌላ ነገር። ወንዙን መምረጥሽ ጥሩ ነው። የሐይቁን ከፍታ ብትመርጪ ኖሮ ነገሩ ይወሳሰብብሽ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የሐይቁ መውጫ ላይ የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ አለ። በ2003 ጣና በጣም ወርዶ መርከቦች ለወራት መቆማቸውን ባሕር ዳር ያለ ሰው ያስታውሳል። የዚያን ዓመት መውረድ ከፊሉ የዝናብ ማነስ ነበር፤ ከፊሉ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ። የመጀመሪያውን ስቶካስቲክ ማለት ትችያለሽ። ሁለተኛው ሰው ቁጭ ብሎ የወሰነው ነው። ሁለቱን ሳይለዩ አንድ ላይ «መዋዠቅ» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

ኮድ_ጻፊ

ጋሼ መሐንዲስ፣ እናመሰግናለን። የእኛ ሙያ ውስጥም ቃሉ በየቦታው ነው፤ ሌሎች አንባቢዎች እንዲያውቁት ልጨምር።

አዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ ከቋንቋ ሊቋ ኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ጽሑፍ ትልልቆቹን የቋንቋ ሞዴሎች «ስቶካስቲክ በቀቀን» ብለዋቸዋል። በቀቀን ያሉት የሰማውን ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ ስለሚደግም ነው። ስቶካስቲክ ያሉት ደግሞ ሞዴሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል የሚመርጠው በፕሮባቢሊቲ ስለሆነ ነው። በአባባሉ የማይስማሙ ብዙ ተመራማሪዎች አሉ፤ ስለ በቀቀኑ ክፍል ነው ክርክሩ። ስቶካስቲክ በሚለው ግን ብዙም ጠብ የለም።

አሠራሩ ደግሞ ይገርማል። ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ቃል ዕድል ሲያሰላ ዲተርሚኒስቲክ ነው። ስቶካስቲክ የሚሆነው ከነዚያ ዕድሎች ውስጥ ዕጣ ሲያወጣ ነው። ሁልጊዜ ትልቁን ዕድል ያለውን ቃል ውሰድ ካልነው ያው ሞዴል ዲተርሚኒስቲክ ይሆናል። ስለዚህ ግልገል ዓባይ፣ «ሞዴሌ ስቶካስቲክ ነው» ስትዪ የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ብትጠቅሺ አማካሪሽ የሚደሰቱ ይመስለኛል።

ሥሩም ሩቅ ነው። ሩሲያዊው ማርኮቭ በ1913 ከፑሽኪን የግጥም ልቦለድ 20,000 ፊደል ወስዶ፣ አናባቢ ከተነባቢ ቀጥሎ የሚመጣበትን ዕድል በእጁ ቆጥሯል። ጋሼ ስለ ሐምሌና ነሐሴ ያሉት ትዝታ እዚያም አለ። ፊደሏ ከእሷ በፊት የነበረችውን ታስታውሳለች።

ግልገል_ዓባይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ያላሰብኩትን ያህል ነው የሰጣችሁኝ። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር። ትዝታ ያለው ስቶካስቲክ ሞዴል ለአንድ ማስተርስ ተማሪ ከየት ይጀመራል? የመራዊ የፍሰት መለኪያ ጣቢያ ወርሃዊ ዳታ አለኝ።

ውኃ_መሐንዲስ

ከቶማስና ፊሪንግ ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ የቆየ ሞዴል ነው፤ ግን ለመማር እሱን የሚያህል የለም። በኤክሴል ይሠራል።

የሚቀጥለው ወር ፍሰት ሦስት ነገር ተደምሮ ነው። የመጀመሪያው የዚያ ወር የብዙ ዓመት አማካይ ነው። ሁለተኛው ትዝታው ነው፤ ይህ ወር ከራሱ አማካይ ምን ያህል ራቀ? ያን ርቀት ሁለቱን ወሮች በሚያገናኘው ቁጥር ታባዢዋለሽ። ሦስተኛው ራንደም ቁጥር ነው፤ ስፋቱ ግን የተለካ ነው። የሁለቱ ወሮች ዝምድና ሲጠነክር ለራንደሙ የሚቀርለት ቦታ ይጠባል። ዝምድናው ሲላላ ይሰፋል። ከዳታሽ የምታወጪው 12 አማካይ፣ 12 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የመበታተኑ ስፋት)፣ 12 ኮሪሌሽን (የተከታታይ ወሮች ዝምድና) ነው። በቃ፣ 36 ቁጥር።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። የወንዝ ፍሰት ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ሞዴሉ ግን በበጋ ወራት ኔጌቲቭ ሊያወጣብሽ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሎጋሪዝሙን ውሰጂ። ሌላው፣ ይህ ሞዴል የሚያስታውሰው ያለፈውን አንድ ወር ብቻ ነው። ኸርስት ያገኘውን የዓመታት ትዝታ አይዝም። ለማስተርስ ይበቃል፤ ግን ጽሑፍሽ ውስጥ በግልጽ አስቀምጪው።

ግልገል_ዓባይ

ለፕሮፖዛሉ እንዲህ ጽፌያለሁ፤ እዩልኝ።

«ይህ ጥናት ስቶካስቲክ ሞዴል ይጠቀማል። የግልገል ዓባይ ወርሃዊ ፍሰት በሁለት ክፍል ይታያል። አንደኛው ከወቅቱና ካለፈው ወር ፍሰት የሚሰላው ነው፤ ይህ ክፍል ዲተርሚኒስቲክ ነው። ሁለተኛው በስሌቱ ያልተያዘው ቀሪ መዋዠቅ ነው፤ ይህም ስፋቱ ከዳታ ተለክቶ በራንደም ቁጥር ይወከላል። ሞዴሉ ብዙ ጊዜ እየተደጋገመ ይሠራል፤ የሚቀርበውም ውጤት አንድ ቁጥር ሳይሆን የዕድል ስርጭት ነው። በዚህም የወንዙን ፍሰት ይተነብያል።»

መምህር_ከፔዳ

ጎበዝ! ጥርት ያለ ነው። እኔ የምነካው የለኝም። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር መሐንዲሱ ይዩት።

ውኃ_መሐንዲስ

«ይተነብያል» የሚለውን አውጪው። የርዕስሽም ጉዳይ ስለሆነ ላስረዳሽ። የቶማስና ፊሪንግ ሞዴል በመጪው ነሐሴ ስንት ውኃ እንደሚመጣ እንዲናገር አልተሠራም። የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ሊመጡ ይችሉ የነበሩ፣ የወንዙን ጠባይ የያዙ ብዙ የፍሰት ታሪኮችን ያመነጫል። ግድብ የሚነድፍ ሰው በነዚያ ታሪኮች ሁሉ ውስጥ ግድቡን ያሳልፈዋል። ስንቱን ይችላል? ስንቱ ላይ ውኃ ያልቅበታል? እንዲህ ነው የሚፈተነው።

ትንበያ ከፈለግሽ ዝናቡንና ኤል ኒኞን (የፓስፊክ ውቅያኖስን ውኃ መሞቅ) የሚያስገባ ሌላ ሞዴል ያስፈልግሻል። ኤል ኒኞ ባለበት ዓመት የእኛ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይቀንሳልና። ሁለቱም ስቶካስቲክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። አንዱን ምረጪ።

ግልገል_ዓባይ

ማመንጨቱን መረጥኩ ጋሼ። ርዕሱንም ዛሬ ማታ እቀይረዋለሁ። መራዊ ዳታ ውስጥ የጎደሉ ወራት አሉ፤ በየወሩ አማካይ ልሙላቸው?

ውኃ_መሐንዲስ

በፍጹም። በአማካይ ከሞላሽው ስፋቱን ታጠብቢዋለሽ፤ ከዚያ ሞዴልሽ ወንዙ ከእውነቱ ይልቅ የረጋ ይመስለዋል። ጥቂት ወራት ከሆኑ ከጎረቤት ጣቢያ ጋር አዛምደሽ ሙያቸው፤ ከዚያም በላይ የቀሪውን መዋዠቅ ጨምሪበት። ተከታታይ ብዙ ወር የጎደለበት ዓመት ካለ ግን ያን ዓመት ተዪው።

ግልገል_ዓባይ

እሺ፣ እንደሱ አደርጋለሁ። 36ቱን ቁጥሮች እንዳወጣሁ እዚሁ እለጥፋቸዋለሁ።